የማይገባው ፈረስ ምን ይገባዋል?

ባልቲሞር ከተማ ታክሲ በምነዳበት ዘመን ከፈረስ ጋር የነበረኝ ትውውቅ በዓመት አንድ ቀን ብቻ ነበር፤ በፈረንጆቹ ሜይ ወር ሦስተኛው ቅዳሜ። በዚያ ቀን ፒምሊኮ በሚባለው ሜዳ «ፕሪክነስ» የተባለው ትልቅ የፈረስ እሽቅድምድም ይካሄድ ነበር። ከተማው ሰፋፊ ባርኔጣ በደፉ ሴቶችና ቢራ በያዙ ወጣቶች ይሞላል። የእኛ የባለታክሲዎቹም ኪስ ትንሽ ይረጥባል።

የ2009ኙ ቅዳሜ ግን ከሌሎቹ ተለይቶ ትዝ ይለኛል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ወደ ማታው ገደማ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ጫንኩ። ወደ ልጃቸው ቤት ነበር የሚሄዱት። ዕድሜያቸውን በፈረስ ጋጣ ውስጥ እንደፈጁ፣ ፈረስ ሲያጥቡ፣ ሲመግቡ፣ እግር በፋሻ ሲጠቀልሉ እንደኖሩ ነገሩኝና ሬዲዮኑን ከፍ እንዳደርግላቸው ጠየቁኝ። ውድድሩ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ራቸል አሌክሳንድራ የተባለች የሦስት ዓመት ባዝራ ወንዶቹን በአንድ ፈረስ ርዝመት ቀድማ ገባች። ሴት ፈረስ ያንን ውድድር ካሸነፈች 85 ዓመት አልፎ ነበር። እኔ መሪውን በመዳፌ እየመታሁ «አሸነፈች!» አልኩ። የሽማግሌው ፊት ግን አልተፈታም።

«ቆይ ልጄ» አሉኝ። «በአራቱም እግሯ ቆማለች?»

የእርጅና ጥያቄ መስሎኝ አለፍኩት። ጥያቄው የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከዚያ ጥያቄ ነው።

* * *

በአሜሪካ የፈረስ እሽቅድምድም ትልቁ የዓመት መጨረሻ ሽልማት «ኢክሊፕስ» ይባላል። ስሙ የመጣው በ1764 በእንግሊዝ አገር የፀሐይ ግርዶሽ በሆነበት ቀን ከተወለደ ፈረስ ነው፤ ባለቤቱም ግርዶሽ ብለው ጠሩት። ይህ ፈረስ 18 ጊዜ ሮጦ 18ቱንም አሸነፈ። በመጨረሻ የሚገጥመው ሲጠፋ ከሜዳ ወጥቶ ለዘር ተቀመጠ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሮጡት ቶሮብሬድ የሚባሉት ፈረሶች፣ ለሩጫ ተብለው በየትውልዱ ሲመረጡ የኖሩት ማለት ነው፣ በአባት በኩል ሲቆጠሩ አብዛኞቹ የሚደርሱት ወደ እሱ ነው።

ሽልማቱ በዛሬው መልኩ የተጀመረው በ1971 ነው። ከዚያ በፊት የተለያዩ ድርጅቶች የየራሳቸውን ምርጥ ይሰይሙ ስለነበር አንድ ዓመት ሁለት «የዓመቱ ፈረስ» የሚኖርበት ጊዜ ነበር። አሁን የእሽቅድምድም ማኅበሩ ሰዎች፣ የስፖርቱ ዕለታዊ ጋዜጣ ባልደረቦችና የስፖርቱ ጸሐፊዎች በአንድነት ድምፅ ይሰጣሉ። ፈረሶቹ በዕድሜ፣ በጾታና በሚሮጡበት መም ይከፈላሉ፤ አንዱ በአፈር፣ አንዱ በሣር፣ አንዱ በአጭር ርቀት። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ፈረስ «የዓመቱ ፈረስ» ይባላል።

ነገር ግን ድምፅ ሰጪዎቹ ነጥብ የሚደምሩበት ሰንጠረዥ የላቸውም። ይህን ያህል ጊዜ ያሸነፈ፣ በዚህ ያህል ርቀት የቀደመ የሚል መስፈርት አልተጻፈላቸውም። በ1991 የተጀመረው የአውሮፓው «ካርቲዬ» ሽልማት ከጋዜጠኞችና ከአንባቢዎች ድምፅ ጋር የውድድር ነጥብንም ይቆጥራል። የአሜሪካኖቹ ግን እያንዳንዱ በልቡ ያለውን ሚዛን ይዞ ይቀርባል። ስለዚህ በየዓመቱ መጨረሻ የሚነሣው ክርክር የትኛው ፈረስ ይበልጣል በሚለው ላይ ብቻ አይቆምም። ሽልማት የሚገባው ማለት ራሱ ምን ማለት ነው ወደሚለውም ይዘልቃል።

እዚህ ላይ አማርኛችን አንድ ነገር ያቀብለናል። «ይገባዋል» የሚለውን ቃል ስናጠብቀው መብቱ ነው፣ ድርሻው ነው ማለት ነው። ስናላላው ደግሞ ይረዳዋል ማለት ነው። በጽሑፍ አንድ ናቸው። ሰው ሲሸለም ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፤ የሚገባውን ሲሰጡት ለምን እንደተሰጠው ይገባዋል። ፈረስ ላይ ግን ይለያያሉ። ፈረሱ የዓመቱ ምርጥ መባሉ አይገባውም። ዋንጫው ቢቀርብለት አሽትቶት ይተወዋል። ታዲያ የማይገባው ፈረስ ምን ይገባዋል?

* * *

ወደ 2009 ልመለስ። ራቸል አሌክሳንድራ በዚያ ዓመት 8 ጊዜ ሮጣ 8ቱንም አሸነፈች። የኬንታኪ ኦክስን ከ20 ፈረስ ርዝመት በላይ ቀድማ ወሰደች። ከዚያ ፒምሊኮ ላይ፣ ቀጥሎም በኒው ጀርሲ በሃስክል ወንዶቹን አሸነፈች። በሴፕቴምበር ሳራቶጋ ላይ በዉድዋርድ ውድድር በዕድሜ ከሚበልጧት ወንዶች ጋር ተሰለፈች። ከመነሻው ጀምሮ ሲያባርሯት ቆይተው፣ መጨረሻው ላይ አንዱ ሊደርስባት ሲል በጭንቅላት ልክ ብቻ ቀድማ ገባች። ያንን ውድድር ከእሷ በፊት ያሸነፈች ሴት ፈረስ አልነበረችም።

በዚያው ዓመት በአገሩ ሌላ ዳርቻ፣ በካሊፎርኒያ፣ ዜንያታ የምትባል የአምስት ዓመት ግዙፍ ባዝራ ነበረች። 5 ጊዜ ሮጣ 5ቱንም አሸነፈች። አመሏ የታወቀ ነው፤ ከኋላ ተንቀራፍፋ ትነሣለች፤ ተመልካቹ አለቀላት ሲል መጨረሻው ላይ ትመጣለች። በኖቬምበር በብሪደርስ ካፕ ክላሲክ ወንዶቹን እንደዚሁ ከኋላ ተነሥታ አሸነፈች። ይህንንም ከእሷ በፊት ሴት ፈረስ አድርጋው አታውቅም። ራቸል እዚያ አልነበረችም። ውድድሩ በሰው ሠራሽ መም ላይ ስለነበር ባለቤቷ አልሰድም ብለው ነበር። ሁለቱ ባዝሮች በሕይወታቸው አንድም ቀን አልተገናኙም።

ድምፁ ሲቆጠር 130 ለ99 ራቸል አሸነፈች።

በቀጣዩ ዓመት ዜንያታ እንደገና ተሰለፈች። 5 ጊዜ በሴቶች ውድድር አሸንፋ፣ ያለ ሽንፈት 19 ድል ይዛ፣ ለመጨረሻው ውድድር ኬንታኪ ወረደች። እንደ ልማዷ ከኋላ መጣች። ብሌም የሚባለው ፈረስ ግን በጭንቅላት ልክ ቀደማት። የሥራ ዘመኗ 20ኛና የመጨረሻ ሩጫ፣ ብቸኛዋም ሽንፈት ነበር። ብሌም በዚያ ዓመት ከ5 ውድድር 4ቱን ያሸነፈ፣ በዓመቱ ትልቅ ውድድርም እሷን ራሷን ፊት ለፊት የረታ ፈረስ ነው። የዓመቱ ፈረስ የተባለችው ግን 128 ለ102 ዜንያታ ናት።

ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ድምፅ ሰጪዎቹ የአምናን ዕዳ በዘንድሮ ገንዘብ ከፈሉ እላለሁ። ዜንያታ ታላቅ ናት፤ ከብሌም ትበልጣለች የሚለኝን ሰው አልከራከረውም። ጥያቄው ግን ማን ይበልጣል የሚል አልነበረም። ዓመቱ የማን ነው የሚል ነበር። የዕድሜ ልክ ታላቅነት የሚዘከርበት ሌላ ቦታ አለው፤ የዝና አዳራሽ አለ፤ ዜንያታም ራቸልም እዚያ ገብተዋል። የዓመት ሽልማት ለስመ ጥሩ ከተሰጠ፣ ስም የሌለው ፈረስ በዚያ ዓመት ምን ቢሠራ ይበቃዋል? ፊት ለፊት ማሸነፉ ካልበቃው የሚበቃው ነገር የለም።

* * *

በክርክሩ ውስጥ ሦስት ሚዛኖች እንዳሉ ይታየኛል። አንደኛው ፍቅር ነው፤ የ2010ሩ ሚዛን። ሁለተኛው ከፍታ ነው፤ በአንድ ቀን የታየው ብቃት የቱን ያህል ይደርሳል የሚል። ሦስተኛው ሥራ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ምን ተሠራ የሚል።

ስለ ፍቅሩ ብያለሁ። ከፍታ ግን በቀላሉ የሚታለፍ ሚዛን አይደለም። በ2022 ፍላይትላይን የሚባል ፈረስ ነበር። በዚያ ዓመት የሮጠው 3 ጊዜ ብቻ ነው። አንዱን፣ ፓስፊክ ክላሲክን፣ ከ19 ፈረስ ርዝመት በላይ ቀድሞ ሲገባ ሌሎቹ ለብቻቸው በሌላ ውድድር ላይ ያሉ ይመስሉ ነበር። ብሪደርስ ካፕ ክላሲክንም ከ8 ርዝመት በላይ አሸነፈ። ዓለም አቀፉ የፈረስ ምዘና 140 ነጥብ ሰጠው፤ ከአሥር ዓመት በፊት ለእንግሊዙ ፍራንክል ከተሰጠው ጋር እኩል ማለት ነው። በሕይወት ዘመኑ የሮጠው ግን 6 ጊዜ ብቻ ነው። ከመጨረሻው ድሉ ማግሥት ከሩጫ መሰናበቱ ተነገረ። በዚያው ሳምንት ከእሱ ላይ 2.5 በመቶ ድርሻ በጨረታ 4.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በዚህ ስሌት ፈረሱ 184 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል ማለት ነው።

የዓመቱ ፈረስ እሱ ሆነ። ተገቢ ነበር? እሱን የሚያህል ከባድ ድል ያገኘ፣ ከእሱ በላይ የሮጠ ተፎካካሪ ባልታየበት ዓመት ድምፄን እነፍገው ነበር አልልም። የመጡበትን ሁሉ አሸንፏል። ነገር ግን ቅሬታ ይቀርብኛል። ከፍታን ለመለካት ምዘናው አለ፤ 140 ብሎ ለክቶታል። ሽልማቱም ያንኑ ከደገመ ለምን ሁለት ሆኑ? እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ክርክር በሯጮቻችን እናውቀዋለን። ሪከርድ ይበልጣል ወይስ ሜዳሊያ እያልን ስንት ምሽት አምሽተናል! ሪከርድ ማለት ይህ ሰው እስከዚህ መድረስ ይችላል ማለት ነው። ሜዳሊያ ደግሞ በተቀጠረበት ቀን፣ ከመጡት ሁሉ ጋር፣ ደረሰ ማለት ነው። መቻልና ማድረግ ይለያያሉ። የዓመት ሽልማት ለመቻል ሳይሆን ለማድረግ የሚሰጥ ይመስለኛል።

ማድረግ ደግሞ ሽንፈትን ያስከትላል። ደጋግሞ የሚሰለፍ ይሸነፋል። ሴክሬታሪያት በ1973 ቤልሞንት ላይ 31 ፈረስ ርዝመት ቀድሞ ሲገባ የሚያሳየውን ፊልም ያላየ የፈረስ ወዳጅ የለም። ይህ ፈረስ በዚያው ዓመት ከ12 ውድድር 3ቱን መሸነፉን ግን ብዙ ሰው አያስታውስም። ሲጋር የሚባለው ፈረስ በ1996 የመጀመሪያውን የዱባይ ወርልድ ካፕ ለመሮጥ ውቅያኖስ ተሻግሮ ሄዶ አሸንፎ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በዚያው ዓመት 3 ጊዜ ተሸነፈ። የዓመቱ ፈረስ ከመባል ግን አላገደውም፤ ልክም ነበር። ሁሉን አሸናፊነት ብቻ የምናከብር ከሆነ ባለቤቶችን የምናስተምረው አንድ ነገር ነው፤ የሚያስፈራችሁ ተፎካካሪ ካለ አትምጡ።

* * *

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስኩ። እስካሁን «ተሰለፈ»፣ «ሄደ»፣ «አልመጣችም» ስል ፈረሱ የመረጠ አስመስያለሁ። ፈረስ አይመርጥም። ዱባይ ልሂድ አላለም፤ በሰው ሠራሽ መም አልሮጥም አላለችም። አባቶቻችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ያሉት ይህን ለይተው ነው። ማድረስ የፈረሱ፣ መዋጋት የሰውየው።

እኛ ዘንድ ክብሩ የሚሄድበትም መንገድ የተለየ ነበር። ጀግናው በፈረሱ ስም ይጠራል። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ ናቸው። የፈረሱ ስም ወደ ሰውየው ተሻግሮ የሰውየውን ሥራ ይሸከማል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ስሙ የፈረሱ ሆኖ ይቀራል፤ ዋንጫውና ገንዘቡ ወደ ሰውየው ይሻገራል። በሁለቱም ፈረሱ ራሱ ከክብሩ የሚደርሰው ነገር የለም። በአዊ፣ እንጅባራ ላይ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ተሰብስበው ፈረስ በዓድዋ የዋለውን ውለታ ሲዘክሩ ቢያንስ አንድ እውነት ያምናሉ፤ ውለታ አለብን ይላሉ። ውለታ ደግሞ በዋንጫ አይመለስም፤ በአያያዝ እንጂ።

ሰውየውስ ማነው? ኢክሊፕስ ለባለቤት፣ ለአርቢ፣ ለአሠልጣኝ፣ ለጋላቢ ሽልማት አለው። ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥቶ የፈረሱን እግር በእጁ እየዳሰሰ ትኩሳት የሚፈልገው ለጓሚ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ይህ አዲስ ታሪክ አይደለም። በ1875 የመጀመሪያው የኬንታኪ ደርቢ ሲካሄድ ከ15ቱ ጋላቢዎች 13ቱ ጥቁሮች ነበሩ፤ ያሸነፈውም ጋላቢ ጥቁር ነበር። አይዛክ መርፊ ደርቢውን 3 ጊዜ አሸንፏል። ከዚያ 20ኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ ጥቁር ጋላቢዎችን ገፍተው ከኮርቻው አወረዷቸው። ሽማግሌው ተሳፋሪዬ ዕድሜያቸውን የፈጁት ኮርቻው ላይ ሳይሆን ጋጣው ውስጥ ነው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

ስለዚህ ሽልማቱ ለፈረሱ አይደለም ማለት ነው? ይህን ብዬ ብዘጋው ይቀለኝ ነበር። ነገር ግን ሽልማት ለተሸላሚው ብቻ ሳይሆን ለሚቀጥለው ሰው የሚሰጥ ትምህርት ነው። ዘንድሮ ያከበርነውን የከርሞ ባለቤት ያደርገዋል። ከርሞ የሚሆነው ደግሞ በፈረሱ አጥንት ላይ ነው። ፈረሱ ሽልማቱ አይገባውም፤ ሽልማቱ የሚያመጣበትን ግን ይሸከመዋል። የጥያቄው ክብደት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

* * *

ዛሬ ገበያው ምን ያስተምራል? ቶሎ አብራ፣ ቶሎ ውጣ ይላል። ድንጉላ ፈረስ ጥቂት ትልልቅ ውድድር ካሸነፈ በኋላ በሜዳ ከሚያገኘው ይልቅ በዘር የሚያገኘው ይበልጣል። አንድ ተጨማሪ ሩጫ ማለት ዋጋውን ማጋለጥ ነው። በ1960 አንድ ፈረስ በአሜሪካ በዓመት በአማካይ ከ11 ጊዜ በላይ ይሮጥ ነበር፤ ዛሬ 6 ገደማ ነው።

የዚህን ተቃራኒ ለማየት ወደ ሰንጋ ፈረሶች፣ ወደ ተኮላሹት ማለት ነው፣ እንሂድ። ኬልሶ ከ1960 እስከ 1964 ለ5 ተከታታይ ዓመት የዓመቱ ፈረስ ተባለ። ፎሪጎ ከ1974 እስከ 1976 ለ3 ዓመት። ሁለቱም ሰንጋ ነበሩ። ከሁሉ ግን ልቤ የሚሄደው ወደ ጆን ሄንሪ ነው። ገና በልጅነቱ በ1,100 ዶላር ተሽጧል፤ ዘሩ አልተፈለገም፤ መልኩ አልተወደደም፤ አመሉ ስለከፋ ኮላሹት። ከዚያ 83 ጊዜ ሮጦ 39 ጊዜ አሸነፈ፤ ከ6.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። በ1981 የዓመቱ ፈረስ ሆነ፤ በ1984 ደግሞ በ9 ዓመቱ እንደገና ሆነ። ከዚያ በኬንታኪ ተጦሮ በ2007 በ32 ዓመቱ ሞተ።

እነዚህ ፈረሶች ሌላ መሄጃ ስላልነበራቸው ሮጡ። ልጅ ስለማይወልዱ የሚያስከብራቸው ሥራቸው ብቻ ነበር። ባለቤታቸውም ዛሬ ያለውን ፈረስ ለከርሞ ማቆየት ነበረበት። ማቆየት ደግሞ መንከባከብ ነው።

* * *

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያቆመኝ ይገባል። «ብዙ ይሩጥ፣ ከባድ ተፎካካሪ ይግጠም እያልክ አይደለም? ይህ ራሱ የሚሰብራቸው ነገር አይደለም?» ሊለኝ ይችላል። ክርክሩ እውነት አለው። ራቸል አሌክሳንድራ ከዉድዋርድ በኋላ እንደ ድሮዋ አልሆነችም የሚሉ ብዙ ናቸው። በ2010 5 ጊዜ ሮጣ ያሸነፈችው 2 ጊዜ ብቻ ነው። እኔ የማደንቀው የ2009 ሥራዋ ከጉልበቷ የተከፈለ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚህ የሚብስም አለ። ረፊያን የምትባል ባዝራ 10 ጊዜ ሮጣ 10ሩንም አሸንፋ ነበር። በጁላይ 1975 ከዓመቱ የደርቢ አሸናፊ ከፉሊሽ ፕሌዠር ጋር ለብቻቸው እንዲገጥሙ ተደረገ። ሴትና ወንድ፣ አንድ ለአንድ፤ አገሩ ሁሉ በቴሌቪዥን ይጠብቅ ነበር። በሩጫው መካከል የቀኝ የፊት እግሯ ተሰበረ። ጋላቢው ሊያቆማት ሲታገል እሷ በተሰበረ እግሯ መሮጧን ቀጠለች። ከቀዶ ሕክምናው ስትነቃ ተፈራግጣ ስብራቱን አባሰችው፤ ልትድን ስላልቻለች እንድትሞት ተደረገ። በዓመቱ መጨረሻ የሦስት ዓመት ባዝሮች ቁንጮ ተብላ ተሸለመች።

ያ ሽልማት ይገባት ነበር? ሥራዋን ካየን አዎ፤ እስከዚያ ቀን የደረሰባት አልነበረም። ነገር ግን ያንን ዋንጫ የተቀበሉትን እጆች ሳስብ አንድ ነገር ይከብደኛል። የሞተችበት ግጥሚያ የተዘጋጀው ማን ይበልጣል የሚለውን ጥያቄያችንን ለመመለስ ነበር። የእኛ የማወቅ ጉጉት ነው እዚያ ያደረሳት። በተሰበረ እግር መሮጥን «ጀግንነት» ብለን የምንጽፍ ሰዎችም ተሳስተናል። እሷ አልመረጠችም፤ እንድትሮጥ ሆና ተፈጠረች እንጂ። በ2020 በአሜሪካ የእሽቅድምድም ደኅንነት ሕግ ወጥቶ አንድ አገር አቀፍ ባለሥልጣን እንዲቋቋም የተደረገው፣ በየሜዳው የሚሞቱት ፈረሶች ጉዳይ ከስፖርቱ ወዳጆች አልፎ የሕዝብ ጥያቄ ስለሆነ ነው።

እንግዲህ ሁለት ነገር እፈልጋለሁ፤ እርስ በርስም የሚቃረኑ ይመስላሉ። ፈረሱ እውነተኛ ፈተና እንዲገጥም እፈልጋለሁ፤ በፈተናው እንዳይሰበርም እፈልጋለሁ። የሚያስታርቃቸው አንድ ቃል «መመለስ» ነው። ለእኔ የዓመቱ ፈረስ ከባድ ነገር ሊያደርግ ሄዶ፣ አድርጎ፣ ጤነኛ ሆኖ ተመልሶ፣ እንደገና የሄደ ነው። ስንት ጊዜ ሮጠ ብሎ መቁጠር ብቻውን አይበቃም፤ ቁጥሩን ለመሙላት የታመመ እግር ይዞ የሚሰለፍ ፈረስ ይመጣብናል። ነገር ግን በዓመቱ መጀመሪያም በመጨረሻውም በራሱ እግር፣ ሕመም በሚደብቅ መድኃኒት ሳይደገፍ፣ ከምርጦቹ ጋር የተሰለፈ ፈረስ ሲታይ ከጀርባው ትዕግሥት ያለው ሰው እንዳለ ይመሰክራል። ማረፍ ሲገባው አሳርፎታል፤ የጠዋቱን ትኩሳት ሰምቷል፤ የዘንድሮውን ውድድር ለከርሞው ሲል ትቶታል።

ስለዚህ ድምፅ ቢኖረኝ አራት ነገር እጠይቃለሁ። ከባዱን ተፎካካሪ ፈልጎ ሄዷል ወይስ ሸሽቷል? ያደረገውን ደግሞታል ወይስ አንድ ቀን ብቻ አብርቷል? ሲሸነፍ እንዴት ተሸነፈ፣ ከሽንፈቱስ በኋላ ተመልሶ መጥቷል? ዓመቱ ሲያልቅ በምን ሁኔታ ላይ ነው ያለው? የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን የስፖርቱ ሰዎች ሁልጊዜ ይከራከሩባቸዋል። አራተኛውን ግን የሐኪሙ ጉዳይ አድርገው ይተዉታል። እኔ መጀመሪያ አደርገው ነበር።

በእነዚህ ጥያቄዎች 2009 የራቸል፣ 2010 የብሌም ነው፤ ለዜንያታ ያለኝ ፍቅር ሳይቀንስ። ፍላይትላይን ሁለተኛውን ጥያቄ ከግማሽ በታች ይመልሳል፤ ሦስተኛውን የሚመልስበት ዕድል አልተሰጠውም። ጆን ሄንሪ በ9 ዓመቱ አራቱንም ይመልሳል። ራቸልን አራተኛው ጥያቄ ያስቸግራታል፤ ይህንን አልደብቅም። ድምፄን ስሰጣት ግን የከፈለችውን አውቄ ልሰጣት እንጂ፣ ዋንጫው የከፈለችውን እንዲሸፍንብኝ አልፈልግም።

* * *

ሽማግሌውን ልጃቸው በር ላይ ሳወርዳቸው ሬዲዮው ገና እያወራ ነበር። ሒሳቡን ከፍለው አልወረዱም። አንድ እጃቸውን በሩ ላይ አድርገው ያዳምጣሉ። ከኋላዬ መኪና ጥሩንባ ይነፋል። ጋዜጠኛው ባዝራዋ እየተራመደች ወደ አሸናፊዎች መቆሚያ መሄዷን፣ ደህና መሆኗን ሲናገር ነው ትንፋሻቸውን የለቀቁት።

«እሺ ልጄ» አሉኝ በሩን እየከፈቱ። «አሁን አሸነፈች በል።»